ሽታው የወጣ ኮረሪማ

እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ጠንቋይ ቤት ሲመላለሱ «በዚህ እግራችሁ እህል በረንዳ ወርዳችሁ ጤፍ አትገዙም?» እያልኩ የምስቅ ሴት ነኝ፣ መርካቶ ያደገ ሰው ደግሞ ያልዳሰሰውን አይገዛም። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመነኝ ወዳጄ።

ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ጀርመን አገር ኬሚስትሪ ተምሮ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ተመለሰ፣ ከቅመም ሱቃችን ጓሮ ባለችው ክፍልም ምን አለሽ ተራ ያሠራውን ወፍራም የብረት ጋን ተከለ። ኮረሪማ ይከትበታል፣ ከእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ጋዝ እየቀዳ ያምቅበታል፣ ለብ ባለ ውሃ ያሞቀዋል።

«እታለም፣ ጋዙ ታምቆ ሲሞቅ ጋዝም አይደል፣ ፈሳሽም አይደል፣ እንደ ጋዝ ፍሬው ውስጥ ዘልቆ እንደ ፈሳሽ ዘይቱን ያሟሟል፣ ስትለቂው በኖ ይሄድና ዘይቱን ብቻ ይተውልሻል» ይለኝ ነበር።

«ለዚህ ነው ጀርመን ድረስ የሄድከው? ሙቀጫ አነሰህ?» እያልኩ እቀልድበታለሁ። ዘይቱ ጠብ ሲል ግን መጀመሪያ የእናታችንን የእጅ አንጓ ይቀባል፣ እሷም ትመርቀዋለች።

አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃዎች መጡና ጋኑን አይተው ቦምብ ነው አሉ። ኮረሪማ ነው ብንል ማን ይስማን፣ ኮረሪማ በእንዲህ ያለ ብረት ሲታሰር ማን አይቶ ያውቃል! ከፍተው ገለባ ብቻ አገኙ፣ ቢሆንም ጋኑን ትተው ደምሴን ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ እናቴ በየቀኑ ስንቅ ትቋጥራለች፣ እኔ እስር ቤት አደርሳለሁ፣ ዘበኛው ተቀብሎ ባዶ ሰሃን ይመልስልኛል። ባዶ ሰሃን ማለት በሕይወት አለ ማለት ነበር፣ በዚያ ዘመን ከዚህ ሌላ ወሬ አናገኝም።

አንድ ምሽት፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሱቅ ልዘጋ ስል፣ ከጓሮ ፍስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የውሃ ቧንቧ መስሎኝ ገባሁ፣ ማንም የለም። የጋኑ አፍ ደምሴ ጋዙን ሲለቀው እንደሚሆነው ነጭ አመዳይ ለብሷል፣ ብነካው ቅዝቃዜው ጣቴን ቆረጠመኝ። የእሳት ማጥፊያው እኮ ባዶውን ነው የከረመው! ከሥር በተቀመጠችው ብርጭቆ ላይ ዘይት ጠብ፣ ጠብ ይላል። እየሮጥኩ ሱቅ ተመልሼ፣ ያልተከፈተ ጆንያ ፈትቼ አንድ ኮረሪማ ሰብሬ ብነክስ ገለባ፣ ሌላም ብሰብር ገለባ፣ ሽታ የሚባል የለውም።

ብርጭቆዋን ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ አሸተተችው፣ ጣቷን ነክራ አንጓዋን ቀባች።

«ልጄ ሄዷል፣ ሊሰናበተኝ ነው የመጣው። ከነገ ጀምሮ ስንቅ አትውሰጂ።»

«ምነው እማዬ! ዛሬም እኮ ባዶ ሰሃን መልሰውልኛል።»

«ዘበኞቹስ ሆድ የላቸውም?» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። እኔም፣ ምንም የማላምነው ሴትዮ፣ አመንኩ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አላስችል አለኝና ተደብቄ ስንቅ ቋጥሬ ሄድኩ። ዘበኛው ገና ሲያየኝ ተቆጣ።

«የት ጠፋችሁ? ሲጠብቃችሁ ሰነበተ እኮ!»

«አሁንስ?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ስንቁን ሳይፈታ መለሰልኝ። ሙሉ ስንቅ ሲመለስ ሰውየው የለም ማለት ነበር።

ሲጠብቀን እንደነበር ለእናቴ አልነገርኳትም፣ በሰላም ትረፍ ብዬ ተውኳት፣ እስክትሞት አልነገርኳትም። ብርጭቆዋ ዛሬም እኔ ጋ አለች፣ ዘይቱ አልደረቀም። አንዳንድ ምሽት ሱቅ ስዘጋ ከጓሮ ያ ድምፅ ይሰማኛል፣ ገብቼ ግን አላይም፣ ያን ዕለት ወንድሜ ደህና ሁኑ ይበለን፣ ወይስ አለሁ አትተዉኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።