አሥራ ሁለት ቋጠሮ

«ቀጮ፣ ይሄ ልጅ ለምን የኛን ገመድ ያዘ?»

ቀጮ ከስልኳ ቀና አላለችም። ጠያቂው «ለምን» የሚሉት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ደግሞ በከንቱ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ቅጠል ለምን ቢጫ እንደሚሆን፣ ዳክዬ ለምን ጫማ እንደማታደርግ፣ የቀጮ አፍንጫ ለምን እንደቀላ ጠይቋል። ለሁሉም ስትመልስ ጉሮሮዋ ደርቋል።

«የቱ ልጅ?» አለች።

«ይሄ።»

ዞር ስትል የገመዱን የመጨረሻ ቋጠሮ የያዘ አንድ ልጅ ቆሟል። እንደ ሌሎቹ ቢጫ ሰደርያ ለብሷል፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ቋጠሮውን ከአባቱ የወረሰው ይመስል ጭብጥ አድርጎ ይዟል። ፈገግ አለላት። ቀጮ ይህን ልጅ አይታው አታውቅም።

ቀጮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አክስቷ ትንሽ መዋለ ሕፃናት አላት፤ ቅጠል በሚረግፍበት በዚህ ሰሞን ወላጆቻቸው ቅዳሜ የሚሠሩ አሥራ ሁለት ልጆችን በእግር ወደ መናፈሻው ታወጣለች። መንገድ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በረጅሙ ገመድ ላይ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል፤ አክስቷ ከፊት፣ ቀጮ ከኋላ ናቸው። አክስቷ አንድ ሕግ አላት፤ ልጅ የሚቆጠረው በእጅ እየተነካ፣ በስሙ እየተጠራ ነው። «ዝም ብሎ መቁጠር ለብርቱካን ነው» ትላለች።

ዛሬ ልጆቹ ትልቁ የቅጠል ክምር ላይ ከሌላ መዋለ ሕፃናት ልጆች ጋር ተቀላቅለው ሲንከባለሉ ቆዩ። ሲነሡ የቀጮ ጓደኛ መልእክት ላይ መልእክት ትልክ ስለነበር፣ ቀጮ ሰደርያዎቹን በዓይኗ ብቻ ቆጠረች። አሥራ ሁለት። «ሙሉ ናቸው» አለች፣ ገመዱም ተንቀሳቀሰ።

አሁን ክው አለች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። ጉንጬ አለ፣ ሙጫ አለች፣ ለምንማ መቼም አለ። ሹክሹክታ የለችም።

የመጨረሻው ቋጠሮ የሹክሹክታ ነበር። ይቺ ልጅ የምታወራው በሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ስትስቅም፣ ስትወድቅም፣ ሽንቴ መጣ ስትልም በጆሮ ነው የምትናገረው። ጠፍታ ብታለቅስ እንኳ ከአንድ ክንድ በላይ የሚሰማት የለም። ከቅጠሉ ክምር እስከ መናፈሻው ኩሬ ደግሞ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

አክስቷ መናፈሻው በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ልጆቹን እያስቀመጠች ሙዝ ትልጣለች። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ቀጮ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ሹክሹክታ ጓንቷን ጥላለች። ይዣት ሄጄ ላምጣው።»

«ቶሎ በሉ፣ ሙዙ ሳያልቅ» አለች አክስቷ ሳትዞር።

ቀጮ የሰው ልጅ ታቅፋ ሮጠች።

ክምሩ ጋ ስትደርስ አንዲት ወጣት ሌላ ገመድ ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልጁን ስታይ ከቀጮ እጅ ነጥቃ ጥምጥም አለችበት። የዚያኛው መዋለ ሕፃናት ረዳት ናት።

«አለቃዬ ገና አላወቀችም» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «አንቺም አትናገሪ፣ እኔም አልናገር። በኔና ባንቺ ይቅር፣ እሺ?»

«አንዲት ትንሽ ልጅ አላየሽም? ቢጫ ሰደርያ የለበሰች?»

አላየችም።

ሹክሹክታ የተገኘችው በመናፈሻው አትክልተኛ የእጅ ጋሪ ውስጥ ነው። በቅጠል ላይ ቁጭ ብላ እግሮቿን ዘርግታለች። አትክልተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ያንቺ ናት?» አሏት። «ስሟን ሦስቴ ጠየቅኋት። ሦስቴም ነገረችኝ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።» ከዚያ ቀልዱን ተዉና የልጅቷን እግር አሳዩዋት። ከአንደኛው የላስቲክ ቦት ውሃ ይንጠባጠባል። «ኩሬው ዳር ቅጠል ልታንሳፍፍ ገብታ ነው። ሁለተኛ እግሯን ስታነሣ ደረስኩ።»

ቀጮ ተንበረከከች። ከቦቱ ውሃውን ደፋች፣ እርጥቡን ካልሲ አውልቃ ጃኬት ኪሷ ውስጥ ወሸቀችው፣ የራሷን ካልሲ አለበሰቻት። እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ሹክሹክታ ጆሮዋ ላይ ተጠጋች።

«እስክትጠሪኝ እየጠበቅኩ ነበር» አለቻት።

ቀጮ ከጋሪው አነሣቻት። አቅፋት ወደ በሩ ተመለሰች።

«ጓንቱ ተገኘ?» አለች አክስቷ።

«ተገኘ።»

«ያ ልጅስ የት ሄደ?» አለ ለምን፣ አፉ ሙዝ እንደሞላ።

«ደግሞ የቱ ልጅ?» ብላ አክስቷ ሳቀች፤ መልሱንም አልጠበቀችም። የለምንን ጥያቄ ሁሉ እሰማለሁ የሚል ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም።

ከሰዓት በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን ወሰዱ። አክስቷ ሰደርያዎቹን እያጣጠፈች መሳቢያ ከፈተችና አንድ አዲስ አጭር ገመድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስድስት ቋጠሮ አለው፤ ጫፉ በቀይ ክር ተጠምጥሟል።

«ያንቺ ነው» አለች። «በሚመጣው ቅዳሜ ስድስቱን ለብቻሽ ትወስጃለሽ፣ በኩሬው በኩል። ስትለምኚኝ ከርመሻል አይደል? ዛሬ ለአንድ ጓንት ብለሽ ስትሮጪ አይቼ፣ በቃ፣ ይቺ ልጅ ደርሳለች አልኩ።»

ቀጮ ገመዱን አነሣችው። ከአምና ጀምሮ የተመኘችው ይህንን ነበር፤ ከኋላ መጎተት ሳይሆን ከፊት መምራት። ሹክሹክታ እግሯ ሞቆ ከእናቷ ጋር ሄዳለች። ያቺ ረዳት አትናገርም። ለምንን የሚሰማው የለም። ዝም ካለች ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል፣ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች።

ስልኳን ልታወጣ እጇን ኪሷ ውስጥ ስትከት ጣቷ ካልሲውን ነካ። አሁንም እርጥብ ነው።

«አክስቴ» አለች።

«እመት።»

«ጓንት አልነበረም።»

ካልሲውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የአውራ ጣት የምታክል ቢጫ ቅጠል ተጣብቃበታለች። የአክስቷ እጅ ሰደርያው ላይ እንዳለ ቆመ።

«የማነው?»

«የሹክሹክታ። ኩሬው ዳር ነው የተገኘችው።» ቀጮ አዲሱን ገመድ ቀስ አድርጋ ወደ አክስቷ ገፋችው፤ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «በዓይኔ ነው የቆጠርኳት። በስሟ አልጠራኋትም።»