ደረቁ ጉዝጓዝ

መርማሪዋ ጓሮው ስትደርስ ሟቹ በቲማቲሞቻቸው መሃል በግንባራቸው እንደተደፉ ነበሩ። ንጋት ላይ የወረደው ዶፍ ጀርባቸውን አበስብሶታል። የቲማቲሙን ሐረግ የሚሸከመው ወፍራም ቋሚ እንጨት ከነሽቦው፣ ከነገመዱና ከነፍሬው ተገንድሶ ማጅራታቸው ላይ ወድቋል። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ መፋጀት ጀምራ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል። ያ ክረምት እንዲህ ነበር፤ ሲዘንብ ሰማይ የተቀደደ ይመስላል፣ ሲያባራ ደግሞ እሳት አፍ ላይ የቆሙ ያህል ይለበልባል።

«አደጋ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሳጅን። «ሌሊት ያ ሁሉ ነፋስ ነበር። ሰውየው ቲማቲሜ ወደቀ ብለው ይወጣሉ፣ ድጋፉ ይወድቅባቸዋል። በቃ።»

«ሌሊት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ይኸው!» ሳጅኑ የሟቹን ትከሻ ቀስ አድርጎ ቀና አደረገው። መደቡ ላይ የተጎዘጎዘው ጭድ ከሥራቸው ደርቆ ይታያል። «ዙሪያው ሁሉ በስብሷል፤ ከሥራቸው ግን ደረቅ ነው። የንጋቱ ዝናብ ሳይጀምር ወድቀዋል ማለት ነው።»

«ጥሩ ዓይን አለህ» አለችው፤ ግን ካጎነበሰችበት አልተነሳችም። ጭዱን በጣቶቿ አፍተለተለችው። ሐረጉን ገለል አድርጋ ከወደቀው እንጨት ሥርም እጇን ሰደደች። እዚያም ደረቅ ነው፤ አቧራው እንኳ አልረጠበም።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ቀና አለ። «ትናንት ከቀትር በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት። በዚህ ሙቀት ከዚህ በላይ አጥብብ አትበይኝ።»

የሥራ ባልደረቦቿ መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንዴ የገባችበትን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትሰፋ ስለማትወጣ ነው። አሁንም ብድግ ብላ ቋሚውን እንጨት ከመሬት ጋር ወጥሮ ይይዝ የነበረውን ሽቦ ጫፍ ፈለገች። የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ይቀጥናል፣ ይሾላል። ይህ ግን እንደተጠመዘዘ ቅርጹን ይዟል፤ አንድ እጅ በትዕግሥት ፈትቶታል።

«ነፋስ ቋጠሮ ይፈታል?» አለችው ሳጅኑን።

ሳጅኑ አንገቱን አከከ።

ሟቹ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በዚያ ሙቀት የሰው ሁሉ ቲማቲም አበባውን ሲያረግፍ፣ በዝናቡ ቅጠሉ በስብሶ ሲረግፍ፣ የእሳቸው ጓሮ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ያፈራል። መርማሪዋ ዙሪያውን ቃኘች። መደቦቹ ውሃ እንዳይተኛባቸው ከፍ ተደርገዋል። ወደ መሬት የቀረበው ቅጠል ተለቅሟል፣ በላይ ደግሞ የተጠቀለለ የጥላ መረብ አለ። ከአጥሩ ጥግ ያለው አንድ ረድፍ ግን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ጭድ የለው፣ መረብ የለው፤ ሐረጉ ጠውልጎና በስብሶ መሬት ላይ ተዘርሯል፣ አንዲት ፍሬ እንኳ የለበትም። ራስጌው ላይ በተተከለች ዱላ የዘር ከረጢት ተሰክቷል፤ «ክረምት አይፈሬ» ይላል።

ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ የሳሙናው አረፋ አረንጓዴ ሆነ። ደግማ ብትፈትገውም ጣቶቿ ቢጫ እንደሆኑ ቀሩ።

«በአንድ እጥበት አይለቅም» አለቻት የሟቹ ልጅ ከበስተኋላዋ። ነርስ ናት፤ ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት ከዘለቀ ተረኛነቷ ስትመለስ ነው አባቷን ያገኘችው። የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም። «የሐረጉ ነው። ልብስ ከነካማ አለቀልሽ፣ እስኪቀደድ ድረስ አብሮ ይኖራል።»

«ትናንት ከአባትሽ ጋር ስትጨቃጨቁ ተሰምቷል።»

ነርሷ ዓይኗ ሞላ። «ምሳ ላይ ነው። የግፊት መድኃኒቱን መዋጥ ትቶ አገኘሁት። ጮህኩበት። ‹አባዬ፣ ለቲማቲም የምትጨነቀውን ግማሽ ለራስህ ብትጨነቅ ምናለ!› አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ የሥራ መኪና መጣልኝ፤ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ መረቡን ሊዘረጋ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«ዝናቡ ጀምሮ ነበር?»

«ኧረ! ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ዝናቡ የጀመረው እኔ ሥራ ገብቼ ቆይቼ ነው። ከዚያማ እስኪመሽ አላባራም።»

«መረቡን መቼ ነው የሚጠቀልለው?»

«ሲደምን። ጥላ የሚያስፈልገው ለፀሐይ ነው፤ በደመና ጊዜ ብርሃን ይከለክላቸዋል ይላል።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «ያ ጥግ ላይ ያለው የደረቀው ረድፍስ?»

«እሱን ለነገ ስብሰባ ነው ያዘጋጀው። የአትክልተኞች ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ የሚናገረው ነገር ነበረው። ‹ሰውን ከስህተት ላወጣ ነው› አለኝ እንጂ ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«የሚያፈሩትስ? እነሱም ክረምት አይፈሬ ናቸው?»

ባዘነው የነርሷ ፊት ላይ ፈገግታ ብልጭ አለ። «እነሱማ ለሰላጣ ከገበያ ከገዛሁት ተራ ቲማቲም ያወጣው ዘር ናቸው።»

ጎረቤትየው ግንበኛ ነው፤ ድምፁ ከአጥር አጥር ይሰማል። ሳጅኑ ሌሊት የት እንደነበረ ሲጠይቀው ገና ወንበር ሳይስብ ተቆጣ።

«አዎ ተጣልተናል! አልደብቅም። መምህር ለቲማቲማቸው ቦይ ቀደዱ፣ ቦዩ ወደ እኔ። ቤቴ መርከብ ሆነ፤ የቀረኝ ካፒቴን መቅጠር ነው። ነግሬያቸዋለሁ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ግን የሰው ነፍስ?»

«ትናንት ከቀትር በኋላስ?» አለች መርማሪዋ።

«እዚህ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ ላይ ነበርኩ፤ ጣሪያ ላይ፣ ከሠራተኞቼ ጋር። ዝናቡ ነው ያወረደን። ከዚያ ቤቴ ገባሁ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ምስክር የለኝም። በሉ እሰሩኝ!»

«ማን ልሰርህ አለ? ተቀመጥ» አለችው።

ዘር ሻጩ ከቀትር በፊት ደረሰ። የመምህሩ ሟች ሚስት ወንድም፣ የነርሷ አጎት ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነርሷን አቅፎ አለቀሰ። ሌሎቹ በሙቀቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው በወረቀት እያራገቡ ሳለ እሱ ላቡ በጆሮ ግንዱ ቢንቆረቆርም ኮቱን አላወለቀም።

«ይሞቅዎታል፣ ያውልቁት እንጂ» አለችው መርማሪዋ።

«ብርድ ብርድ ይለኛል። ድንጋጤ ይሆናል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያዩአቸው?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ። ዝናቡ ሲያባራ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ሰላም አልኩት። እንደ ልማዱ አበባ አበባውን በጣቱ እየነካካ ያራግፍ ነበር። ‹ፍሬ እንዲይዝልኝ ነው› አለኝ። ምናለ ገብቼ ቢሆን!» በመሐረቡ ፊቱን ጠረገ። «ከዚያ ከነጋዴዎች ጋር ተሳፍሬ ወደ ማዶው ከተማ ሄድኩ። እዚያው አድሬ መርዶውን ሰምቼ በቀጥታ መምጣቴ ነው፤ ቤቴ እንኳ አልገባሁም። ሃያ ሰው ምስክር አለኝ።»

«የመምህሩ ቲማቲም ክረምቱን የሚችለው በምንድን ነው ይላሉ?»

«በዘሬ ነዋ!» አለ ፈጠን ብሎ። «ማንንም ይጠይቁ። ክረምት አይፈሬን የሚገዛኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ጓሮ ነው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ነርሷን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«አባትሽ አበባውን የሚነካካው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ። ሌላ ጊዜ አይነካውም።»

«ዝናብ ዘንቦ ሲያባራስ፣ አመሻሽ ላይ?»

«ምን ይሠራለታል? የአበባው ብናኝ እርጥብ ከሆነ ይጣበቃል፤ ቢያራግፈውም ፍሬ አይዝም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

መርማሪዋ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «ጠንከር በይ፣ እህቴ። የምትሰሚው ነገር ቀላል አይደለም።»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ነርሷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አጎቷ ከጎኗ። ግንበኛው በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሳጅኑ ከኋላው በሩን ዘጋው። ውጭ እንደገና እየደመነ ነበር፤ ክፍሉ ጠቆረ።

«መምህሩን ነፋስ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «ድጋፉን ወጥሮ የያዘው ሽቦ አልተበጠሰም፣ ተፈትቷል። ከዚያ ሰው ጎትቶ ጥሎታል። ጥያቄዬ መቼ የሚል ነበር። ሳጅን፣ ከሥራቸው ያለው ጭድ ደረቅ ስለሆነ ከንጋቱ ዝናብ በፊት ሞተዋል ብለህ ነበር።»

«አዎ። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትክም፤ መንገድ ላይ ቆምክ እንጂ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለውን ዝናብ ረሳኸው። እስኪመሽ ነው የዘነበው። መምህሩ ከዚያ በኋላ ወድቀው ቢሆን ኖሮ፣ የወደቁበት ጭድ በዚያኛው ዝናብ ርሶ ይጠብቃቸው ነበር። በዚህ እርጥበት በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ያውም ሰውና ግንድ ተጭኖት። ጭዱ ግን አቧራው እንኳ አልረጠበም። መምህሩ የሞቱት ልጃቸውን ሸኝተው፣ ሲደምን የጥላ መረቡን ከጠቀለሉ በኋላ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሳይወርድ ነው።»

ግንበኛው እጁን ፈታ። «እኔ ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ...»

«አንተ ጣሪያ ላይ ነበርክ፤ ሠራተኞችህንም ጠይቀናል። እህታችን ሥራዋ ላይ ነበረች።» ወደ ሶፋው ዞረች። «እርስዎ ግን አመሻሽ ላይ ከሞተ ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጫለሁ ብለውኛል።»

ዘር ሻጩ ለመሳቅ ሞከረ። «ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል። ከትናንት ወዲያ...»

«ከትናንት ወዲያም ቢሆን መምህሩ ከዝናብ በኋላ አበባ አይነካኩም። የሚነካኩት ጠዋት ነው፣ ጤዛው ሲደርቅ። እርስዎ ይህን ሲያደርጉ በወሬ ሰምተዋል እንጂ ቆመው አላዩአቸውም። ለምን ብለው ያያሉ? ለእርስዎ ቲማቲሙ የመምህሩ ድካም ሳይሆን የሱቅዎ ታፔላ ነበር።»

«እህ! አማቼን በምን ምክንያት?»

«ጥግ ላይ ባለው ረድፍ ምክንያት። መምህሩ ክረምት አይፈሬን ዘርተው ያለ ጭድ፣ ያለ መረብ፣ ያለ ቅጠል ለቀማ ተዉት። ሞተ። ከጎኑ ተራውን የገበያ ዘር ተንከባከቡት፤ አፈራ። ነገ አዳራሹ ውስጥ ዘሩ ተራ ዘር እንደሆነ ሊናገሩ ነበር። እርስዎን ሳያስጠነቅቁ የሚናገሩ ሰው ግን አይመስሉኝም።»

ነርሷ ቀስ ብላ ወደ አጎቷ ዞረች።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «እኔ ግቢውን አልረገጥኩም።»

«እንግዲያው ኮትዎን ያውልቁ።»

ሰውየው የኮቱን ቁልፍ ጨብጦ ቀረ። ሳጅኑ ቀርቦ ራሱ ፈታለት። የነጩ ሸሚዝ ሁለት እጅጌ ከአንጓው እስከ ክርኑ በቢጫና በአረንጓዴ ተጨማልቋል፤ ደረቱ ላይም ሐረጉ የተደገፈበት መስመር ይታያል። በውሃ ሊያስለቅቀው ሞክሮ እንዳልሆነለት ከመጨማደዱ ያስታውቃል።

«አልገደልኩትም!» አለ። «ለመንኩት! ‹ዘንድሮን ብቻ ዝም በለኝ፣ ለከርሞ ራሴ አስተካክላለሁ› አልኩት። ‹ሰዎቹ ዘንድሮም ይበላሉ› አለኝ። ገፋ አደረግኩት፤ ገፋ ብቻ። የቋሚው መሠረት ድንጋይ ላይ ጭንቅላቱ አረፈ። ደነገጥኩ። አደጋ ይምሰል ብዬ ነው እንጨቱን...»

ነርሷ ብድግ አለች። ድምፅዋ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደምትናገር ያህል ዝቅ ያለ ነበር።

«አጎቴ፣ እንጨቱን ስትጥልበት ይተነፍስ ነበር?»

ዘር ሻጩ ምንጣፉን አየ።

«የደም ሥሩን አየህለት? አፍንጫው ላይ እጅህን አስጠጋህ?»

«ልጄ...»

«ሆስፒታሉ እኮ እዚህ ማዶ ነው። እኔ ነበርኩ ተረኛዋ። ብትጠራኝ በእግሬም ሮጬ እደርስለት ነበር።»

መርማሪዋ የሐኪሙን ቃል ታውቃለች፤ የመምህሩን ማጅራት የሰበረው እንጨቱ እንጂ ድንጋዩ አልነበረም። ነርሷ አሁን እንድትሰማው ግን አልፈለገችም። ለሳጅኑ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ ሳጅኑም ሰውየውን ይዞት ወጣ። ግንበኛው ለማሳለፍ ከበሩ ገለል ሲል እንባው ጢሙ ላይ ወርዶ ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የአብዛኛው ሰው ማሳ ባዶ ነበርና ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ አንዳንዱ የገዛውን የዘር ከረጢት በእጁ ይዟል። ነርሷ ጥቁር ለብሳ ወደ ፊት ወጣች። ድምፅ ማጉያውን ግንበኛው አስተካከለላት። ብዙ ሰው ማልቀስ ትጀምራለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ «ክረምቱ ገና አላለቀም፣ የተረፈ ቲማቲም ያለው ሰው እጁን ያውጣ» አለች።

ጥቂት እጆች እየፈሩ ተነሱ።

«እንግዲያው የአባዬን አያያዝ ከእናንተ ማሳ እንጀምር» አለች።