እስከ ቀዩ መስመር

ወንፊት ከታላቅ እህቷ ጋር ከተኳረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእናታቸው ቀብር ማግስት፣ ሰው በሞላበት ሳሎን፣ እህትየው «እናቴን በረሃብ የገደልሽብኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። ወንፊት ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ካልጠየቋት አትናገርም። ግትርነቷን ከአባቷ ወረሰችው ይላሉ፤ አባቷ ግን ከእሷ ይሻል ነበር።

ወንፊት የሚሏት እህል መጋዘን ውስጥ አበጣሪ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በሠፈሩ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሰው ሲካካድ፣ የምትጠራው እሷ ናት። ሁለተኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ ነገር ስታበጥር ግን ጠጠር አታሳልፍም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ወፍ ሞታብኛለች ብሎ ላከባት። መንገድ ላይ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ቤቱ ስትገባ ጠፋ። ሽማግሌው አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ የሞተችውን ቢጫ ወፍ በመሐረብ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟል። ሁለተኛዋ በሽቦ ጎጆው ጥግ ላባዋን ነፍታ ተኮማትራለች። ወፎቹ የሟች ሚስቱ ነበሩ። የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ሌላ ከተማ ሄዶ አሥራ አንድ ቀን ሲቆይ፣ ለምራቱ አደራ ሰጥቷት ነበር።

«መርዝ ነው» አላት። «እህሉ ከእናንተ መጋዘን የመጣ ነው፤ አይተሽ ንገሪኝ። ይህን ያደረገ ሰው ዛሬውኑ ከቤቴ ይወጣል። ሚስቴን ሁለተኛ ጊዜ ነው የቀበርኳት።»

«እሺ ጋሼ። ሳልጠይቅ ግን አልፈርድም።»

በቤቱ የነበሩት አዋቂዎች ሦስት ናቸው፤ ምራቲቱ፣ የሽማግሌው እህትና ጓሮውን የተከራየው የሌሊት ዘበኛ።

ዘበኛው ዓይኑን እያሸ ወጣ። «አንገታቸውን እጠመዝዘዋለሁ ብያለሁ፣ አልክድም እትዬ ወንፊት። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ ቀን ልተኛ ስል ይንጫጫሉ። አፌ ነው እንጂ እጄ ግን የለበትም።»

«መቼ ዝም አሉ?»

«ጋሼ ከሄዱ ሳምንት አለፍ ሲል።»

«ባንዴ?»

«የለም፤ እያነሰ፣ እያነሰ። መጨረሻ ላይ ብታምኚም ባታምኚም ጸጥታው እንቅልፍ ነሳኝ።»

የሽማግሌው እህት ገና ሳትጠየቅ ጀመረች። «ምራቲቱ ናት! ስልኳን ስትነካካ ነው የምትውለው።»

«እርስዎስ ቀርበው አዩአቸው እትዬ?»

«እኔ? ላባ ያስነጥሰኛል። በር ላይ ቆሜ ነው የማየው። ሳህኑ እንደሆነ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ሙሉ ሳህን አጠገብ የሚሞት ፍጡር ከመርዝ ሌላ ምን ይገድለዋል?»

ምራቲቱን መኝታ ቤት አገኘቻት። አልጋው ላይ ቦርሳ ተከፍቷል፤ የራሷንና የልጇን ልብስ እያጣጠፈች ትከታለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የላትም።

«ወፎቹን ምን ስትመግቢያቸው ነበር የኔ ልጅ?»

«ውሃ በየቀኑ ቀይሬያለሁ። እህሉን አባባ ‹እስከ ቀዩ መስመር ካልወረደ እንዳትጨምሪ፤ ከበዛባቸው ይታመማሉ› አሉኝ። በየጠዋቱ አያለሁ፤ አይወርድም።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወንፊት ተመልሳ ሄዳ ሳህኑን ከጎጆው አወጣች። ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ውስጡ ወገቡ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ከመስመሩ በላይ ሞልቷል። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ክብደቱን ለካች። ሠላሳ ዓመት እህል የያዘ እጅ አይታለልም። ጥግ ላይ ከተቀመጠው የእህል ጆንያ ደግሞ ቆንጥራ ቃመች፤ እፍኝ ዘግና በጣሳ ክዳን አድርጋ ለተኮማተረችው ወፍ አስገባችላት። ወፏ እየተንገዳገደች መጥታ መልቀም ጀመረች። ቀና አላለችም።

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ጠራቻቸው።

«እህሉ ንጹሕ ነው» አለች። «ቅሜዋለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ። መርዝ ቢሆን ባንዴ ጭጭ ይሉ ነበር። ዘበኛው እንደሰማው ግን ድምፃቸው ቀን በቀን ነው የደከመው። የቀረችውም ከዚያው ጆንያ ስሰጣት በልታ አትጠግብም። እነዚህ ወፎች ወደ ሞት መንገድ የገቡት በረሃብ ነው።»

«ሙሉ ሳህን ይዘው!» አለች የሽማግሌው እህት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ሰላም እላቸዋለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሳህናቸውን አወጣና እፍ እልበታለሁ። ሚስቴ እንዲያ ታደርግ ነበር።»

ወንፊት ሳህኑን ከፍ አድርጋ እፍ አለችበት። የሞላው ሁሉ ብን ብሎ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ገለባ ነበር። ታች ከሳህኑ መቀመጫ አንዲት ፍሬ አልነበረችም።

«ፍሬውን ፈልቅቀው ይበሉና ገለባውን እዚያው ይተፉታል። ሚስትዎ ሰላም ስትላቸው አልነበረም፤ ገለባውን እያነሳችላቸው ነበር። እርስዎም ሳያውቁት አነሱላቸው። ልጅቷ ግን መስመሩን ብቻ ተነገራት፤ የተነገራትን ደግሞ ሳታዛንፍ ጠበቀች።»

ሽማግሌው መሐረቡን እንደገና ጠቀለለው፤ ደግሞ ፈታው።

«እኔ ነኛ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰላምታ መስሎኝ... ልጄ፣ ያን ቦርሳ መልሺው።»

ምራቲቱ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «ወፎቹ የደከሙ ቀን ልደውልልዎት ስልኩን አንስቼ ነበር አባባ። ይቆጡኛል ብዬ ተውኩት። ብናገር ኖሮ ያቺም አትሞትም ነበር።»

ሽማግሌው በአንድ ዓይኑ አለቀሰ። በፋሻው ሥር ሌላው ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ወንፊት እግዜር ይስጥልኝ እስኪሏት ሳትጠብቅ ወጣች። ወደ ቤቷ የሚያስኬደው መታጠፊያ ጋ ደርሳ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዞራ ስታልፈው የኖረችውን በር አንኳኳች። እህቷ ከፈተች። ጠጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

«ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ?»

«እማዬ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር» አለች ወንፊት፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመች። «ውሃ እንኳ አይወርድላትም ነበር። አንቺ ነፍሰ ጡር ነበርሽ፤ የፊተኛው ፅንስ ስለወረደብሽ ‹እንዳትነግሪያት› ብላ አስምላኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እህትየው የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። አልዘጋችውም፤ ግቢም አላለቻት።

ወንፊት አልጠበቀችም። ማንም ሳይጠይቃት፣ እናታቸው ምግብ እምቢ ካለችበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሁሉንም ትነግራት ጀመር።