የቶለሳ ዱላ

ጣሊያን የሾመው የሰፈሩ ሹም አቶ ነገራ፣ ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወርደው ቁልቁለት ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ከኋላ ተመትቷል። የነሐሴ ዝናብ ኮቴ የሚባል ነገር አላስቀረም። ያየች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም እሌኒ ናት።

እሌኒ ያን ጠዋት ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ነገራ ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ጋቢ የተከናነበ ሰው በቀኝ እግሩ እያነከሰ፣ ዱላ ተመርኩዞ፣ እንደ ደረጃ የተቆፈረውን ቁልቁለት ሲወርድ በጉሙ ውስጥ ጀርባውን አየች። ሰው ጮኾ ሲሰበሰብ «ማንን አየሽ?» አሏት። «ቶለሳን» አለች። በሰፈሩ በቀኝ እግሩ የሚያነክስ ከሸማኔው ከቶለሳ በቀር ማንም አልነበረም። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም። ወሬው የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎቹ ዘንድ ደረሰ፤ እነሱም «እስከ ነገ ቀትር ሽማግሌዎች ይጠብቁት፣ መጥተን አንካሳውን እንወስዳለን» ብለው ላኩ። እንደሚሰቅሉት ያልገባው ሰው አልነበረም። እሌኒ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሽማግሌዎቹ ባሻ ስብሐትን ጠሩ። ባሻ ከወረራው በፊት የአራዳ ዘበኛ አለቃ ነበሩ። ጥይት ጭናቸውን ከመታቸው ወዲህ ወጌሻዋ ሾዴ እንደ ሕፃን ከሀ ጀምራ መራመድ አስተምራቸዋለች። ከዚያ ጀምሮ ሰው ሲያገኙ ከፊቱ በፊት እግሩን ያያሉ፤ ሰፈርተኛውም «ባሻ ሰላም የሚሉት ጫማን ነው» እያለ ይቀልድባቸዋል።

መጀመሪያ የመጡት እሌኒ ዘንድ ነው።

«እስቲ ልጄ፣ ያየሽውን ሰው ሆነሽ ውረጂልኝ።»

እሌኒ አፈረች፤ ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ግራ እግሯን ወደ ታችኛው እርከን አስቀደመች፤ ቀኙን ጎትታ አስከተለች።

«ደህናው እግር ነው የቀደመው? እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ ባሻ፣ እንዲህ ነበር።»

«ዱላውስ በየትኛው እጁ ነበር?»

«ጉም ነበር... አላየሁም።»

አይታ ነበር። ለምን እንደካደች ራሷን መጠየቅ ፈራች። ባሻ አዩዋትና ሄዱ።

ቶለሳን ሸማ ሥራው ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ሽማግሌዎች እየጠበቁት አገኙት። ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ዳሌው ከተጎዳ ዓመታት አልፈዋል።

«እኔ ነገራን አልወደውም ነበር» አለ ቶለሳ። «ማን ይወደው ነበር? ግን ሰው አልገደልኩም።»

«ክርክሩን ተወውና ይችን እርከን ውረድልኝ።»

ቶለሳ ዱላውን በግራ እጁ ያዘ። ዱላውንና የታመመውን ቀኝ እግሩን አንድ ላይ ወደ ታች ሰደደ፤ ግራውን አስከተለ። ባሻ «ይበቃል» አሉት።

የሟች ወንድም በዳሳ በባሕር ዛፍ ወሰን ከነገራ ጋር ተጣልቶ ኖሯል።

«ያን ጠዋት የት ነበርክ?»

«ወሰኑ ላይ። ማን አየህ ቢሉኝ ዛፉ ነው የምልዎት። ተሰዳድበናል ባሻ፣ አልክድም። ስድብ ግን ሰው አይገድልም።»

በመጨረሻ ወደ እሌኒ ቤት ተመለሱ። ወንድሟ ዓምሃ ከጣሊያን መንገድ ሥራ ሰሞኑን ተመልሶ እሷ ዘንድ ነበር ያረፈው። እርጥብ ጋቢ እሳቱ ዳር ተሰጥቷል።

«ጋቢህ ረጥቧል።»

«በነሐሴ የማን ያልረጠበ አለ?»

«እሱስ ልክ ነህ። ከመጣህ ወዲህ ቶለሳን አገኘኸው?»

«ሸማው ላይ ተቀምጦ ሰላም ብዬዋለሁ።»

«ሲሄድስ?»

«እሱ መቼ ይነሳል ባሻ!» ብሎ ሳቀ ዓምሃ። እሌኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ረፋድ ሰፈርተኛው ለአውጫጭኝ በነገራ ግቢ ተሰበሰበ። ባሻ፣ በሽማግሌዎቹ መሀል ከተቀመጠው ከቶለሳ የተቀበሉትን ዱላ ተደግፈው ቆሙ።

«የታመመ እግር ብቻውን ሰውነት ተሸክሞ አይታጠፍም» አሉ። «አንካሳ ቁልቁለት ሲወርድ ዱላውንና የታመመውን እግር ያስቀድማል፤ ደህናው ከላይ ሆኖ ሸክሙን ይይዛል። ለሚያነክስ ሰው ይህ ምርጫ አይደለም፤ ያለዚያ ይወድቃል። እሌኒ ያየችው ሰው ግን ደህናውን አስቀድሞ ሸክሙን ለታመመው ተወለት። ያ ሰው የታመመ እግር አልነበረውም።»

«ታዲያ ማነው?» አለ በዳሳ።

«ቶለሳን ለመምሰል የፈለገ ሰው ነዋ። በዳሳ፣ ፊትህን ወደ አጥሩ መልስ። ዓምሃ፣ እንካ ዱላ። እስቲ እንደ ቶለሳ ሂድልኝ።»

ዓምሃ እየሳቀ ተነሳ። እንቢ ቢል ያስጠረጥረዋል። ዱላውን በቀኝ እጁ፣ ከሚያነክሰው እግሩ ጎን ተክሎ ግቢውን አቋረጠ።

«ኧረ ያ የድሮው ቶለሳ ነው!» አለች አንዲት ሴት።

በዳሳ ተራው ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ዱላውን በግራው ያዘ።

«ያስለወጥኩት እኔ ነኝ» አለች ወጌሻዋ ሾዴ። «የዓምሃ ሚስት የዘርትሁን ቀብር ዕለት ነው። ቶለሳ ቁስቋም ድረስ ካልሸኘኋት ሞቼ እገኛለሁ አለ። በዚያ አያያዝ ዳገቱን እንደማይወጣ ስላወቅኩ ዱላውን ከታመመው እግር ወደ ተቃራኒው እጅ አዛወርኩለት። ወጥቶ አፈር አለበሳት። ከዚያ ወዲህ በቀኙ ይዞ አያውቅም።»

የዓምሃ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ይህን ለውጥ በየቀኑ የምናየው ሁላችን እናውቃለን» አሉ ባሻ። «የማያውቀው ያኔ ያልነበረ ሰው ነው። ነገራ የራሱን ልጅ ደብቆ ለመንገድ ሥራ የዓምሃን ስም ሰጠ። ዓምሃ ሲመለስ ሚስቱ አፈር ለብሳ ቆየችው። ቂሙን አልፈርድበትም። ቢሆንም ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።» ወደ እሌኒ ዞሩ። «ያየሽው ሰው ዱላውን በየትኛው እጁ ይዞ ነበር?»

«ግራ» ብትል ወንድሟ ይተርፍላት ነበር፤ ገመዱ ግን ወደ ቶለሳ ወይም ወደ በዳሳ ይዞራል። ቶለሳን አየችው። አላቀረቀረም፣ አልለመናትምም። ያ ሰው በዚያ እግሩ ዳገቱን ሲወጣ አብራው ነበረች፤ አመስግናውም ነበር። ያም ሆኖ በስሙ ተሸሽጋለች። ራሷን ጠላች።

«በቀኙ» አለች።

ዓምሃ ለመሸሽ አልሞከረም።

«ቶለሳን እግሩ ከመንገድ ሥራ አዳነው» አለ። «እኔን ማን አዳነኝ?» ቀጥሎ ዱላውን ከበዳሳ ተቀብሎ ወደ ቶለሳ ሄደና በግራ እጁ አስያዘው። «እሷን መቅበርህን አላወቅኩም።»

«አልጠየቅክማ» አለ ቶለሳ።

እውነቱን ነው። እሌኒ ስለ ቀብሩ ልትነግረው በጀመረች ቁጥር ዓምሃ ጥሏት ይወጣ ነበር።

ከታች በሽሮ ሜዳ በኩል የማኪና ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ዓምሃን መሀል አድርገው ወደ በሩ ሲመሩት እሌኒ ፊት ቆመ።

«ያን ጠዋት አወቅሽኝ?»

«ጋቢውን የፈተልኩት እኔ ነኝ ዓምሃ። ገና ደጄን ስታልፍ አወቅኩህ።»

«ታዲያ ስሜን ለምን አልጠራሽም?» አላት። «ብትጠሪኝ እኮ እመለስ ነበር።»

ማኪናው በሩ ላይ ቆመ።