ሚያዝያ የሚደርሰው ጎመን

ቂርቆስ አካፋውን በሁለት እጁ አንሥቶ ደረሰ ላይ ሲያወርደው እኅቱ ሥርጉት ከቦዩ ማዶ ቆማ አየችው። ደረሰ አንገቱን ሸሸት ባያደርግ ኖሮ ጭንቅላቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። የአካፋው ጠርዝ ጆሮውን ገምሶ ትከሻው ላይ አረፈ። ደረሰ ወዲያው አልወደቀም። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፣ ደሙን አየ፣ ከዚያ እንደ በሬ እያጓራ ቂርቆስን ወገቡን ይዞ ጭቃው ውስጥ ዘፈቀው።

የቦይ ጠረጋ ቀን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ የመስኖውን ቦይ ከላይ ወንዙ ከሚጠለፍበት እስከ ታች ማሳ ድረስ ሳይጠርግ ውኃ አይለቀቅም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ባዶ እጁን የመጣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወይ አካፋ ወይ ዶማ ይዟል። ወንዶቹ ሁለቱን ሊገላግሉ ተሯሯጡ። ቂርቆስ የደረሰን አውራ ጣት ነክሶ አልለቅም ስላለ መንጋጋውን ጨምቀው ነው ያስለቀቁት። ሲያነሡት አፉን ደምና ጭቃ ሞልቶታል። የማን ደም እንደሆነ እንጃ።

ደረሰ እኮ ምንም አላለውም። ጥፋቱ አካፋውን የሰካበት ቦታ ነው። ባለፈው ሚያዝያ፣ ውኃው አንሶ ሰው በውኃ ተራ ምክንያት በሚናከስበት ወር፣ የሥርጉትና የቂርቆስ አባት ዘሚካኤል የወደቁት እዚያው ላይ ነበር። የደረሰ አባት ገነነ «ተራዬን ቆረጥክብኝ» ብሎ በዶማ ጀርባ መትቶ ገደላቸው። ገነነ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ታስሯል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤት አስታርቀዋል፤ ካህናቱ መስቀል ይዘው መሐል ቆመዋል፤ ቂርቆስም እንደማንኛውም ሰው መስቀሉን ተሳልሟል። ፀጉሩን ግን ከቀብሩ ቀን ወዲህ ምላጭ አላስነካውም። የአባቱን ደም ሳይመልስ እንደማይላጭ የማያውቅ ሰው በመንደሩ የለም።

አያ ክንፈሚካኤል የውኃ አባት ናቸው። ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው፣ የሚቆጡትም እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ግን አልጮኹም። ከእንግዲህ ሚያዝያ ላይ ቦዩ ዳር የሚቆመው ገና ያልደረሰ ሰብል ያለው ቤት ብቻ ነው አሉ። ሰብሉን የሰበሰበ ሰው ቦዩን እንዳይረግጥ። ማን ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚደርስለት ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ቤት በጉባኤ ይናገራል። ቂርቆስ ደሙን እየተፋ በጥሞና ሰማቸው።

ሥርጉት ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ማንኩሳ ነው የምትማረው። መስከረም የምትባለው የባዮሎጂ መምህርቷ ሁለት የዘር እሽግ የሰጠቻት በዚያው ሳምንት ነው። ዘሩ የጎመን ነው፤ የሚበላው ግን ቅጠሉ አይደለም። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይቆምና በየቅጠሉ ብብት ውስጥ ከሎሚ የምታንስ ጥቅል ጎመን ይይዛል። ብራሰልስ ጎመን ይሉታል። እናቷ ንግሥቴ ፎቶውን በስልክ ስታይ «ልጆቿን በሙሉ አዝላ የቆመች ጎመን!» ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያዋ ነበር።

ሁለቱ እሽጎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። አጭሩ ዝርያ ከጉልበት አያልፍም፣ የሚይዘውም ጥቂት ነው፣ ግን የካቲት ላይ ይደርሳል። ረጅሙ ወገብ ድረስ ይሄዳል፣ ንፋስ አይጥለውም፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ጢም ብሎ ይይዛል። ችግሩ ሚያዝያ ካላለቀ አይደርስም፤ መጨረሻ ላይ ከተጠማ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ጓሮው ጠባብ ስለሆነ አንዱን ምረጪ ብላታለች መምህርት መስከረም። ሥርጉት ልቧ ያለው ረጅሙ ላይ ነበር። «የፈረንጅ ጎመን ገበሬ» እያሉ የሚፎግሯት የክፍሏ ልጆች ፊት ያንን ግንድ ተሸክማ ስትገባ ስንቴ አልማለች።

ከጠቡ ማግስት መደብ ስትቆፍር ቂርቆስ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ጓሮ ጉዳይ ጠይቋት አያውቅም።

«የትኛው ነው ሚያዝያ ድረስ የሚቆየው?»

«ረጅሙ።»

«በቃ፣ እሱን ዝሪ።»

ዶማውን ተቀብሏት ራሱ ቆፈረ። ፍግ ተሸክሞ አመጣ፣ ጓሉን በእጁ አደቀቀ፣ አጥሩን ጠገነ። ሥርጉት ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ወንድሜ ተመለሰልኝ ብላ ለእናቷ ልትነግር ሁሉ ሮጣለች። ሞኝ!

ቅዳሜ ዕለት አመድ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትዞር ቂርቆስ የአባቷን ፋስ ይዞ አገኘችው። አዲስ እጀታ ገጥሞለት በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ ያለሰልሰዋል። ሲያያት አልደበቀውም። ጭራሽ ብድግ ብሎ አየር ላይ ሰነዘረው፣ ክብደቱን ለካ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ማሳችንን ለእኩል አራሽ ሰጥተናል» አላት። «ሽንኩርቱም ድንቹም መጋቢት ሳይገባ ይነሣል። ቦይ ላይ የሚያቆመኝ ያንቺ ጎመን ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ ተራ ስጠብቅ ደረሰም ሸንኮራውን ሊያጠጣ ይመጣል። ያኔ አንዳችን ቤቱ አይገባም።»

እውነቱን ለመናገር ሥርጉት መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። እሰይ ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ዕለት ለአባቷ ምሳ ይዛ የሄደችው እሷ ናት፤ የዶማው ጀርባ ሲያርፍ የተሰማውን ድምፅ የሰማችው እሷ ናት። አባቷ ከወደቁ በኋላ እግራቸው ብቻውን ሲንፈራገጥ ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስትሄድ ስትመጣ ደረሰን በሐሳቧ ያልገደለችበት መንገድ የለም። በድንጋይ ፈጥፍጣዋለች። ከድልድይ ላይ ወርውራዋለች። ገነነን ስለማታገኘው ልጁ ይበቃታል።

ግን ቂርቆስ «አንዳችን» ነው ያለው፣ «እሱ» አላለም። ደረሰ ጉልበቱ ከቂርቆስ አያንስም፤ ቦዩ ውስጥ እንዴት አንሥቶ እንዳፈረጠው በዓይኗ አይታለች። ወንድሟን በቃሬዛ ተሸክመው በቤታቸው በር ሲያስገቡት ታያት። እናቷ ደረቷን ስትደቃ ታያት። 

«አጭሩን ነው የምዘራው» አለችው።

ፋሱን ጥሎ ክንዷን ያዘና ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ትከሻዋ ቀጭ ሲል ሰማችው። ፊቷ የግድግዳውን ጭቃ ነካ። እሱ ግን አልለቀቃትም።

«የአባትሽ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር ነው የምትይ?»

ክንዷን እንደገና ጠመዘዘው። እሺ፣ ረጅሙን እዘራለሁ፣ በማርያም ልቀቀኝ አለችው። ለቀቃትና ትከሻዋን አሸት አሸት አደረገላት፤ እንደ ድሮው «እታለም» ብሎ ጠራት። ይህ ከመጠምዘዙ ይልቅ አስለቀሳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። በዚያ አገር የማሳውን ወንዱ፣ የጓሮውን እመቤቷ ትናገራለች፤ ጓሮ ላይ ወንድ ገብቶ አይዘባርቅም። የደረሰ እናት ተነሥታ ታች ጓሯችን ሸንኮራ አለን፣ እስከ ግንቦት ውኃ እንሻለን ብላ ተቀመጠች። ደረሰ ጆሮው በእናቱ ነጠላ ቁራጭ ተጠምጥሞ አጠገቧ ነበር። የተነከሰ አውራ ጣቱም ታስሯል። ቂርቆስን ፈልጎ አገኘውና በዚያው በታሰረ ጣቱ አንገቱን ከጫፍ ጫፍ እንደማረድ አድርጎ አሳየው። ሳቅም ብሏል።

የሥርጉት ደም ፈላ። እንዲህ ከሆነማ ረጅሙ ይዘራ፣ ፋሱም ሥራውን ይሥራ አለች በልቧ።

የእነሱ ተራ ሲደርስ ንግሥቴ ብድግ አለች፤ ወዲያው ግን ወደ ልጇ ዞረች። «ዘንድሮ ጓሮውን የያዘችው ሥርጉት ናት። እሷ ትናገር።»

አያ ክንፈሚካኤል በይ ልጄ፣ ምን ትዘሪያለሽ አሏት። ቂርቆስ ከኋላዋ ቆሟል። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሞቃታል። ሥርጉት ደረሰን አየችው። አሁንም እየሳቀ ነው፣ ግን እናቱ የጋቢውን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ይዛዋለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። የሥርጉት እናትም ያን ሚያዝያ አባቷን እንዲህ ይዛቸው ቢሆን ኖሮ!

«ጎመን ነው» አለች። «አጭሩን ነው የምዘራው። የካቲት ላይ ይደርሳል። ከየካቲት በኋላ ቤታችን ውኃ አይፈልግም።»

ቃሏን ሳትጨርስ የቂርቆስ ቡጢ ጆሮዋ ሥር አረፈ። በግንባሯ ተደፋች፤ ከንፈሯ በጥርሷና በዋርካው ሥር መሐል ገብቶ ተሰነጠቀ። ደግሞ ጎኗን ረገጣት። ሰዎቹ ሲይዙት አንዱን በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው፤ አምስት ሆነው ነው መሬት ላይ ያጣበቁት። ካህኑ ይገዝታሉ፣ እሱ አይሰማም። ሴቶቹ ሥርጉትን አንሥተው ሲያስቀምጧት አፏን የሞላውን ደም በቀሚሷ ጠረገች።

አያ ክንፈሚካኤል ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ተሰምቷል አሉ። ቀጥለውም የቆየውን ደንብ እንደ ልማዳቸው ደገሙት፦ ተነገረም አልተነገረም፣ ለምልሞ ቆሞ የተገኘ ያልደረሰ ሰብል አይጠማም፤ ውኃ ይሰጠዋል።

ቂርቆስ ይህን ሲሰማ መታገሉን ተወ።  ሥርጉት አየችውና ምን እያሰበ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ረጅሙ ዘር ቤት ተቀምጧል። አጥር ሥር ጥቂት መስመር ከዘራ ሚያዝያ ላይ ቦዩን ማን ይከለክለዋል?

ሳትሰናበት ተነሥታ ሮጠች። ጎኗ በየእርምጃው ይወጋታል። ቤት ገብታ እሳት አያያዘች፣ ብረት ምጣዱን ጣደች፣ ረጅሙን እሽግ በጥርሷ ቀደደችው። የከንፈሯ ደም ወረቀቱን ነካው። ዘሩ እንደ ሰናፍጭ ጥቁርና ድቡልቡል ነው። ለመምህርት መስከረም ምን ልትላት ነው? ወገብ ድረስ ቆሞ ጢም ብሎ የሚይዘውን ግንድ እሷ አታየውም። ይህ አንጀቷን በላው። ቢሆንም ዘረገፈችው።

ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር እናቷ ደረሰች። ንግሥቴ ምጣዱን አየች፣ የልጇን ከንፈር አየች። ቁጢጥ አለችና እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋችው።

ቂርቆስ በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ግንባሩ በአፈር ተሸፍኗል።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ረጅሙ» አለች ሥርጉት።

ጡጫውን አነሣ። ራሷን አልሸፈነችም፤ መቁያዋን ይዛ ማማሰሏን ቀጠለች። እሷን ሳይመታ ባዶ እጁን ምጣዱ ውስጥ ከተተና የያዘውን ያህል ጨብጦ አወጣ። ጮኸ፣ ግን አልጣለውም። የቆዳው ሽታ ከጎመኑ ሽታ ጋር ቤቱን ሞላው። ጡጫውን ደረቱ ላይ ለጠፈ፤ ዕንባው በአፈሩ ላይ መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ሥርጉት ውኃ በጣሳ ቀድታ መጣችና እጁን ይዛ ነከረችው። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። መዳፉ ተልጧል። ላዩ ላይ ከተጣበቀው ዘር ገሚሱ ከስሏል፣ ገሚሱ ግን ገና ጥቁር ድቡልቡል ነው፤ ቢዘራ ሊበቅል ይችላል።

ያልከሰሉትን በጥፍሯ እየለቀመች ወደ እሳቱ ጣለቻቸው። ቂርቆስ እጁን አልሰበሰበም።