በሳባ ልብ ውስጥ የጠበበው በር

ሳባ ሞታ የተገኘችው እንግሊዝ አገር፣ ሼፈርድስ ቡሽ በሚባል ሰፈር፣ ከምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ነው። የገበያ ከረጢቷ አጠገቧ ወድቋል። ሽንኩርቱ እስከ ምድር ቤት ተንከባሎ ወርዷል። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። ካገባች ገና አምስተኛ ወሯ።

ከንፈሯ ላይ ሮዝ አረፋ ነበር።

ወንድሟ ዳኛቸው ያን አረፋ ሲያይ አንድ ነገር ብቻ መጣለት፤ መርዝ። የጠረጠረውን ሰውም አልደበቀም። ባሏን ደረጄን ነው። ጎረቤት በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ሰምቷል። ፖሊስ ጠይቆ ለቀቀው። ዳኛቸው ግን የሚለቅ ሰው አይደለም። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል አለ ስንጥር!

«ምን አበላሃት?»

«ምንም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ። ‹ተመርምሬያለሁ፣ ደም ማነስ ነው› አለችኝ። ኪኒኑንም አሳየችኝ።»

«ኪኒኑን አምጣ!»

ዳኛቸው ኪኒኑን መድኃኒት ቤት ወስዶ ቼክ አስደረገ። እውነትም የደም ማነስ ኪኒን ነው። እንኳን ሰው ዝንብ አይገድልም።

በሦስተኛው ሳምንት የአስከሬን ምርመራው ውጤት በደረጄ ስም መጣ። የደረጄ እንግሊዝኛ ከአውቶቡስ ቁጥር አያልፍም። ሌላ ዘመድ የለውም። ስለዚህ ገዳይ ብሎ ወደሚጠራው ወደ ዳኛቸው ቤት፣ ክላፋም ድረስ ይዞት ሄደ።

«አንብብልኝ። ‹አንተ ነህ የገደልካት› ካለም ንገረኝ።»

ዳኛቸው ደሴ ሳለ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ልብን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥሏል! አራት ክፍል። የቀኙ ወገን ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል። የግራው ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ተቀብሎ ለመላ አካል ይረጫል። በየመካከሉ በሮች አሉ፤ ደሙን ወደፊት አሳልፈው፣ ወደኋላ እንዳይመለስ ግጥም የሚሉ።

ወረቀቱ እንደሚለው፣ የሳባ የግራው በር ጠቦ ነበር። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት የመጣው ቁርጥማት ነው ያቆራመደው። ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባዋ ተመልሶ ተጠራቀመ። ከደሙ የተጣራ ውኃ ሳንባዋን ሞላው። አረፋው ይኸው ነው፤ መርዝ የሚባል ነገር የለም።

ዳኛቸው ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። አንድ መስመር ላይ ቆመ። ጮክ ብሎ አላነበባትም። ከሥሯ ያለችውን ግን አነበበለት፤ ሆስፒታሉ በሩ በሕክምና እስኪከፈት ማርገዝ እንደሌለባት በፌብሯሪ ነግሯታል። በቤተሰብ አስተርጓሚነት።

«በፌብሯሪ የት ነበርክ?»

«ካርቱም። ቪዛ እየጠበቅሁ።»

ዳኛቸው አፈረ። ያኔ እሱም ከሥራ ቀርቶ አብሯት ሆስፒታል ሄዶ አያውቅም። ሳባ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የሚችል ሌላ የቤተሰብ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሁለቱም ተያይዘው ዌምብሊ ሄዱ፤ የዳኛቸውና የሳባ እናት ከሞተች ወዲህ እናት ወደሆኗቸው አክስቱ ወደ እትዬ እንግዳወርቅ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ለሳባ ነገሯት?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ደም ማነስ ነው አልኳት።»

«የቀጠሮው ደብዳቤስ?»

«በኔ አድራሻ ነበር የሚመጣው። ደበቅሁት። ኪኒኑንም እኔው ገዛሁላት፤ ትጠንክር ብዬ።»

«ለምን?»

«ዳኙ፣ ሐኪሙ እኮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ! እንዲህ ያለ ነገር ሰው ተሰብስቦ፣ አቅፎ ደግፎ ነው እንጂ… የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ስትስቅ ሳያት አልቻልኩም። ነገ፣ ነገ ስል…» ቀና ብለው ዳኛቸውን አዩት። «የእናታችሁን ሞት ፈተናዋን እስክትጨርስ ስድስት ወር የደበቅናት አንተና እኔ አልነበርንም? ‹አደራ እትዬ፣ እንዳይነግሯት› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

 እውነት ነው፣ ዳኛቸው ብሏል። ያኔ ደግ የሠራ መስሎት ነበር። ሊቆጣቸው መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ደረጄ ብቻ አላለቀሰም።

«ማርገዝ እንደሌለባት ካወቁ፣ ለኔስ ምነው?» አላቸው። «ሴትዮ፣ ለኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

እትዬ እንግዳወርቅ እግሩ ላይ ሊወድቁ ተነሡ። ያዛቸው። ከዚያ ወደ ዳኛቸው ዞረ።

«አንድ መስመር ላይ ስትቆም አይቼሃለሁ። ምን ይላል?»

አክስቱ የወንድማቸውን ልጅ ዓይን ዓይኑን አዩት፤ ተው፣ አሁን አይሆንም ማለታቸው ነው። ዳኛቸውም አንደበቱ ላይ «ምንም» የሚል ቃል ደርሶ ነበር። እንዴት ቀላል ቃል ነው! ዋጠው።

«የአሥራ ስድስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች።»

ደረጄ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

ደረጄ ማንበብ የማይችለውን ወረቀት ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«የቷ መስመር ናት?» አለ።

ዳኛቸው ጣቱን አስቀመጠለት።