ጅራቱ ያጠረ ብልጭታ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራው እንደወትሮው ነበር፦ የኒውትሮን ምንጩ ካዝና ውስጥ ተቆልፏል፣ ትንሹ የጋማ ጨረር ምንጭ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ጨረር ጠቋሚው መሣሪያ በርቷል፣ መምህሩ ከረዳታቸው ጋር ናቸው። አስር ሰዓት ላይ መምህሩ ማጅራታቸውን ተመትተው ከምድር ቤቱ ደረጃ ስር ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ከምታስተምርበት ክፍል የተመለሰችው ልጃቸው ናት። ዘጠኝ ከአስር ላይ ደረጃው አጠገብ ሥራ የጀመረው ጥበቃ ከእሷ ሌላ የወረደ ሰው ስላላየ፣ አስር ከሃያ ላይ ታሰረች።

መርማሪዋ ረዳቱን ጠየቀችው።

«መጨረሻ መቼ አየሃቸው?»

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት። ካዝናውን አብረን ከፈትን፤ እሳቸው ወረዱ። ምንጩ ወጥቶ ጥሎ መሄድ ክልክል ስለሆነ እስከ አስር አልተነሳሁም። የጠቋሚው ቆጠራ ይኸው፣ አርባ ሺህ።»

«ብቻህን ከፍተኸውስ ቢሆን?»

«ሁለቱ ቁልፎች አራት ሜትር ይራራቃሉ፤ እኩል መዞር አለባቸው። እጄ ያን ያህል ቢረዝም ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አጠገቡ የተቀመጡት የመምህሩ ባለቤት የረዳቱን እጅ ያዝ አድርገው «አይዞህ ልጄ» አሉት። አስራ ሁለት ዓመት ከቤታቸው አልጠፋም።

መርማሪዋ ከቴክኒሻኑ ጋር ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሰዓት አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ጠቋሚው የሚቆጥራቸው የብርሃን ብልጭታዎች ቅርጽም ተቀምጧል?»

«ድሮ ቁጥሩን ብቻ ነበር የምንይዘው» አለ ቴክኒሻኑ። «ዛሬ ጠዋት ጋሼ ቅርጹንም አስቀምጥ አሉኝ። የረዳታቸውን የአምናውን ውጤት ተጠራጥረው ነበር፤ ጋማውን ኒውትሮን ብሎ አሳትሞታል ብለው።»

ረዳቱ ቀና አለ።

«ልዩነታቸውን ንገራቸው» አለች መርማሪዋ።

«ጋማ ብልጭ ብሎ ድርግም ነው። የኒውትሮን ብርሃን ግን ቶሎ አይጠፋም፤ ጅራት ይጎትታል። ከካዝናው ምንጭ ሁለቱም ይወጣሉ።»

«ከዘጠኝ እስከ አስርስ?»

«ባለ ረጅም ጅራት ሦስት ብቻ። ያን ያህል ካዝናው ተዘግቶም ከሰማይ ይመጣል።»

መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞረች። «የቆጠርከው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ትንሹን የጋማ ምንጭ ነው። ካዝናው አልተከፈተም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ የሚያዞር ሰው አልነበረማ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህሩ ሞተው ነበር፤ ጥበቃውም ገና አልመጣም። ልጃቸው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል አርባ ተማሪ ፊት ቆማ ነበር። በዚያ ሰዓት አብረሃቸው የነበርከው አንተ ነህ።»

«ስሜን ሊያጠፉት ነበር» አለ ረዳቱ ቀስ ብሎ።

ባለቤትየዋ እጃቸውን ከእጁ አወጡ። «ልጄን አሳስረህ ነው እጄን ይዘህ የተቀመጥከው?»

ልጅቷ አስራ ሁለት ከአስር ላይ ተለቀቀች። ታስራ የቆየችው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው።